የወርዋሪዋ መርገጫ

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ! እግራችሁን እንዳታነሱ!»

ሊቢ ኮቫሪክ ተንበርክካ ቀዩን የሜዳ አፈር በጣቶቿ ታበጥራለች። ዙሪያዋን ትንንሽ ሴት ልጆች የሶፍትቦል ጓንታቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው እንደ ምሰሶ ተገትረዋል። መሃላቸው ፔኒ የምትባለው የአሥር ዓመት ልጅ አፏን በመዳፏ ከድና ትንሰቀሰቃለች። ጥርሷ ወልቋል። መውለቁስ ደግ ነበር፤ ለሳምንታት ሲወዛወዝ የከረመ የልጅ ጥርስ ነው። ግን ወድቆ አፈር ውስጥ ጠፋ። ዛሬ ማታ ትራሷ ሥር ካላስቀመጠችው ጥርስ ወስዳ ሳንቲም የምትተወው የተረት መልአክ ምን ልትወስድ ትመጣለች?

«ውጬው ቢሆንስ?» አለች ፔኒ።

«ባክሽ አልዋጥሽውም» አለቻት ሊቢ። «ብትውጪው ኖሮ ሆድሽ ውስጥ ቁርስሽን ሲያኝክ ይሰማሽ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። ፔኒም በእንባዋ መሃል ፈገግ ስትል ባዶው ድዷ ብቅ አለ።

ከሜዳው ማዶ የሊቢ እናት ማርሊስ የኖራ ማስመሪያውን ጋሪ ትገፋለች። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ ከኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቢሮ ጋር ስለ ኬክ ትከራከራለች። ድንገት ቀና አለችና ተጣራች፦ «ሊቢ! መርገጫውን መለስሽው?»

«አዎ ማሚ! መለስኩት!»

አልመለሰችውም ነበር። ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ አሁን አደርገዋለሁ ያሉት ነገር እንደተደረገ ይቆጠራል። ጥርሷ ይገኝ፣ ከዚያ ብድግ ብዬ እመልሰዋለሁ፣ አለች በልቧ። በቃ፣ ነገሩ የጀመረው ከዚህች ነው።

መርገጫው ወርዋሪዋ ኳሱን ከመልቀቋ በፊት እግሯን የምታሳርፍበት ነጭ ጎማ ነው። ከሥሩ ወፍራም የብረት እግር አለው፤ እሱም መሬት ውስጥ በተቀበረ ጉድጓድ ይሰካል። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ለትንንሾቹ ከመቺዋ በአርባ ጫማ ርቀት፣ ለኮሌጅ ተጫዋቾቹ ደግሞ በአርባ ሦስት። በሁለቱ መካከል አንድ ረጅም እርምጃ ነው ያለው፣ ከዚያ አይበልጥም። ባዶ የሆነው ጉድጓድ በጎማ ውታፍ ይደፈንና አፈር ይለብሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ማርሊስ የከተማውን ልጆች በነፃ ስለምታሰለጥን፣ መርገጫውን ማቅረብና ልምምዱ ሲያልቅ መመለስ የሊቢ ሥራ ነው።

«አገኘሁት!»

ጥርሱ የሱፍ ፍሬ ቢያክል ነው። ልጆቹ ግን ዋንጫ እንደተነሳ ሁሉ ጮኹ። ሊቢ ጥርሱን በባዶ የሱፍ ከረጢት ጠቅልላ ለፔኒ ስትሰጣት፣ የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ የሜዳው በር ላይ ሲያጓራ ተሰማ። ኳሶቹ ገና አልወጡም! ሊቢ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠች። የኔብራስካ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፣ እሷ ግን ሹራቧን እንኳ አልደረበችም። መርገጫውም በዚያው ከሐሳቧ ወጣ።

ማርሊስ ስልኳን ዘግታ መጣች። ከጨዋታ በፊት ርቀቱን በሜትር ሳትለካ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀን ግን አልለካችም። ልጇ መለስኩት ብላታለች፤ ሰዓቱም ሄዷል። መርገጫው መሃል ላይ ገመድ አሰረች፣ ገመዱን ወጥራ ዞረች፣ የወርዋሪዋን ክብ በኖራ አሰመረች። ያማረ ክብ ሆነላት። ስህተት እንዲያ በነጭ ኖራ ከተከበበ በኋላ ማን ስህተት ነው ይለዋል? ዳኞቹም አይተው አለፉ።

ቀኑ ደግሞ እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም። ማርሊስ ወደዚህች ከተማ ስትመጣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ኮሌጁ የሶፍትቦል ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሲቀጥራት የሰጣት አንድ ከረጢት አሮጌ ኳስና በበቆሎ እርሻ ጥግ ያለ ድንጋያማ መሬት ነው። ድንጋዩን ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቿ ጋር ለቀመች። የቡድኑን ሚኒባስ ራሷ ነዳች፣ ማሊያውን ራሷ አጠበች፣ መረብ ኳስም ደርበሽ አሰልጥኚ ሲሏት እሺ ብላ አሰለጠነች። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ጊዜ ጠርተዋት ሁለቱንም ጊዜ «ድንጋዩን ለቅሜ አልጨረስኩም» ብላ ቀረች። ዛሬ ካሸነፈች አምስት መቶኛ ድሏ ነው። የድሮ ተጫዋቾቿ፣ አሁን የልጆች እናት የሆኑት፣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው መቀመጫውን ሞልተውታል።

የማርሊስ ቡድን ወርዋሪ ጆሲ ብሩቻ ናት። ጆሲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እሷም በልጅነቷ ከቅዳሜዎቹ ልጆች አንዷ ነበረች። ክንዷ ጥሩ ነው፣ ልቧ ግን ፈሪ። አንዲት መቺ ከመታችባት ቀኑን ሙሉ ጫማዋን እያየች ትውላለች። ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ የጨረሰች ልጅ ናት።

ያን ቀን ግን ሌላ ሰው ሆነች። ኳሷ ከእጇ ሲወጣ አየሩን ያፏጨዋል፤ መቺዎቹ ዱላቸውን ሲያነሱ ኳሱ አልፏቸው ሄዷል። አንዷን መለሰች፣ ሌላዋን መለሰች። የእንግዶቹም ወርዋሪ እንደዚያው፤ የማርሊስ ልጆች አየር ሲመቱ ዋሉ። በመጨረሻው፣ በሰባተኛው ዙር፣ ከማርሊስ ልጆች አንዲት አጭር ተጫዋች ኳሱን በዱላዋ ዳር ነካ አድርጋ ሮጠች፤ ሌላዋ በደረቷ ተንሸራታ ገብታ ነጥብ አስቆጠረች። አንድ ለባዶ!

ተጫዋቾቹ በበረዶ የተሞላውን የውሃ በርሜል ተሸክመው ማርሊስ አናት ላይ ገለበጡት። በዚያ ብርድ! ደግነቱ አንዷ የድሮ ተጫዋች ብርድ ልብሷን አምጥታ ጠቀለለቻት። «ኮች! ኮች! ኮች!» ይላል ሕዝቡ። ፕሬዚዳንቱ በድምፅ ማጉያው፣ ጆሲ ኳስ ሳይነኩ የመለሰቻቸው መቺዎች ብዛት ለኮሌጁ አዲስ ክብረ ወሰን መሆኑንና ስሟ በሜዳው አጥር ላይ እንደሚቀባ ተናገረ።

ጆሲ ማርሊስን ከነርጥበቷ አቀፈቻት። «ኮች፣ አሁን ወርዋሪ ሆንኩ አይደል?»

«ድሮም ነበርሽ። ወሬው ላንቺ ዘግይቶ ደርሶሽ ነው እንጂ።»

ሊቢ የኳስ ባልዲዋን አቅፋ ትዘላለች። «ቀሽት ነሽ ጆሲ! ቀሽት!» ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ኬክ ለመብላት ወደ አዳራሹ ሲሄድ፣ ማርሊስ «ሊቢዬ፣ ሌሊት ዝናብ ይመጣል ብለዋል፤ ክቡን ሸራ አልብሽውና ነይ» አለቻት። ፀሐይዋ ገና ከበቆሎው ማዶ አልጠለቀችም ነበር። ሊቢ ሸራውን እየጎተተች ክቡ ውስጥ ገባችና ቆመች።

ወርዋሪዎች ሲወረውሩ የኋላ እግራቸውን ስለሚጎትቱ ከመርገጫው ፊት መሬቱ ይሰረጎዳል። ያንን መሙላት የዘወትር ሥራዋ ስለሆነ የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍናም ታገኘዋለች። ዛሬ ግን ስርጉዱ ያለቦታው ነው። ወደ መቺዋ ቀርቧል። ሊቢ አንድ ረጅም እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ አፈሩን በጫማዋ ተረከዝ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። የጎማው ውታፍ ብቅ አለ።

ክው አለች። ጥርሱ… ፔኒ… «አዎ ማሚ፣ መለስኩት!»

ጨዋታው ሁሉ ከትንንሾቹ ቦታ ነበር የተወረወረው። የጆሲ ክብረ ወሰን፣ የእናቷ አምስት መቶኛ፣ ኬኩ ሳይቀር።

ሊቢ ዙሪያዋን ገላመጠች። ማንም የለም፤ አጥሩ ላይ አንዲት ቁራ ብቻ። እና ማን ያውቃል? ማንም። ታዲያ እጇ ሥራውን ያውቀው የለ? መርገጫውን ነቀለችው። ውታፉን አወጣች፣ መርገጫውን በትክክለኛው ጉድጓድ ሰካችው፣ ውታፉን የፊተኛው ላይ ከተተች። ስርጉዱን ሞላች፣ ውሃ ረጨች፣ ረገጠች። የኖራውን ክብ አጥፍታ በገመድ አዲስ አሰመረች። ሸራውን ስታለብሰው ሜዳው ምንም እንዳልሠራ ሰው ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሮጀር ባቄላና ሥጋ ያለበትን ቺሊ ከቀረፋ ዳቦ ጋር አቅርቦ ጠበቃት። ሊቢ ዳቦዋን ቆርሳ ቆርሳ ሳህኗ ዳር ደረደረችው።

«ምነው? ጨው ረሳሁ እንዴ?» አላት አባቷ።

«አይ አባ፣ ደክሞኝ ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ደግ አባት ነውና ግንባሯን በእጁ ጀርባ ዳሰሰ፤ ትኩሳት የላትም።

ማርሊስ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ የጨዋታውን ኳስ ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ጠረጴዛው ላይ ከኬኩ የተረፈው ተቀምጧል፤ አምስቷ ተበልታ ሁለት ዜሮ ቀርቷል። «ታውቂያለሽ ሊቢ፣» አለች፣ «ከአምስት መቶው በላይ ደስ ያለኝ የጆሲ ነው። ያቺ ልጅ ራሷን ስታምን አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ አመነች። አሰልጣኝ ሆኜ የኖርኩት ለዚህ ነው።»

«ማሚ…»

«እ?»

ሊቢ ሳህኗን አነሳች። «እንኳን ደስ አለሽ።»

በማግስቱ እሁድ ያው ሁለቱ ቡድን እንደገና ተገናኙ። ዝናቡ ሳይመጣ ቀርቷል። ማርሊስ ሸራውን ራሷ ገለጠች፣ ሜትሯን አውጥታ ለካች። ሊቢ ከአጥሩ ጀርባ ሆና ታያለች። አርባ ሦስት። ማርሊስ ራሷን ነቀነቀችና ሜትሩን ኪሷ ከተተች። አለቀ፣ አለች ሊቢ በሆዷ። ተገላገልኩ።

አልተገላገለችም። ጆሲ የመጀመሪያውን ኳስ ወረወረች፤ መቺዋ ፊት መሬት መታ። ሁለተኛውም መሬት መታ። ሦስተኛውን ከፍ አድርጋ ብትለቀው መቺዋ ተመቻችታ ጠበቀችና አጥሩ ድረስ ላከችው። ትናንት አየር ሲመቱ የዋሉ ልጆች ዛሬ ኳሷን እንደ ሐብሐብ ያዩታል። አንድ ነጥብ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ አራት ሆነ። የእንግዶቹ ወርዋሪም ተራዋ ሲደርስ እንደዚያው ሆነች፤ ኳስ መሬት ለመሬት እየላከች ግራ ገብቷት አሰልጣኟን ታያለች።

በሁለተኛው ዙር ማርሊስ ጨዋታውን አስቁማ ወደ ክቡ ሄደች። ሊቢ ኳስ አቀባይ ናትና የውሃ ኮዳ ይዛ ተከተለቻት።

«ትከሻሽ ነው? ያምሻል?» አለች ማርሊስ።

«አያመኝም ኮች።» ጆሲ እጇን እያገላበጠች ታየዋለች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ትናንት የነበረኝ ነገር ዛሬ የለም። አደረና ሄደ። ምናልባት… የኔ አልነበረም ይሆናል።»

«እንዲህ አይባልም።»

«ይልቅ ስሜን አጥሩ ላይ እንዳይቀቡት ንገሪያቸው ኮች። ሼም ነው።»

ከንፈሯን ነክሳ ጫማዋን አየች። ያቺ የድሮዋ ጆሲ ተመልሳ መጣች። ሊቢ ኮዳውን ስትቀበላት እጃቸው ተነካካ፤ የጆሲ ጣት እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ማርሊስ ወደ መጠለያው ተመለሰች። ስትጨነቅ ሱፍ መቆርጠም ልማዷ ነው፤ እፍኝ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ ግን አልቆረጠመችም። ምክትሏ «ትቀየር እንዴ?» ብትላት፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ስትደክም እያየሁ አላወጣኋትም። አምስት መቶዬን ፈለግኩ። የልጅቷን ክንድ ለቁጥር ብዬ አቃጠልኩት።»

ሊቢ ሰማች።

እስካሁን የሚያስፈራት ቁጣ ነበር። እናቷ ትጮኻለች፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ኬኩ ይሰረዛል ብላ ነበር። እናቷ ባልሠራችው ነገር ራሷን ስትወቅስ ትሰማለሁ ብላ ግን አላሰበችም። የሱፉ ገለባ በማርሊስ ከንፈር ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ድንገት ያረጀች መሰለቻት።

«ማሚ፣ ክንዷ ደህና ነው።»

«አሁን አይደለም ሊቢ።»

«አሁን ነው። እባክሽ።» ሊቢ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። «ትናንት መርገጫውን አልመለስኩትም። ፔኒ ጥርሷ ጠፍቶ… መለስኩት ያልኩሽ ሳልመልሰው ነው። ጨዋታው ሁሉ ከአርባ ጫማ ነበር። ማታ ሸራ ላለብስ ስመጣ አይቼ፣ ማንም ሳያየኝ መለስኩት። ጆሲ ዛሬ ሳይሆን ትናንት ነው የተሳሳተችው… ማለቴ፣ እሷ አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ።»

ማርሊስ ሱፉን መሬት ላይ ተፋች። አልጮኸችም። ሊቢ እናቷ ብትቆጣት በመረጠች።

«ማታ፣ ሶፋው ላይ፣ ልትነግሪኝ ነበር?»

ሊቢ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ስለዚህ ነገር ገና እንነጋገራለን፤ ረጅም ንግግር ነው» አለች ማርሊስ። «መጀመሪያ ግን ጆሲ ትስማ። ሌላው ሁሉ ይቆያል።»

ዙሩ ሲያልቅ ጆሲን አጠገቧ ስባ አስቀመጠቻትና በጆሮዋ ነገረቻት። የጆሲ ዓይን ፈጠጠ። አንዴ መርገጫውን፣ አንዴ ሊቢን አየች። ሊቢ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

«አርባ ጫማ?» አለች ጆሲ። «ማለት… ዛሬ ኳሴ መሬት የሚመታው ክንዴ ስለሞተ አይደለም?»

«አይደለም። ትናንት ባጠረ መንገድ የለመደው እጅሽ ነው። መቺዋን በሦስት ጫማ የቀረበች አድርገሽ ትለቂዋለሽ።»

ጆሲ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብለው ሁሉም ደነገጡ። ጓንቱን ስታወርደው እየሳቀች ነው። «ሊቢ፣ አንቺ እርኩስ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳይወስደኝ በሰማይ ስበር ያደርኩት በፔኒ ጥርስ ነው?»

«ይቅርታ ጆሲ።»

«ነፍ ነው የተናደድኩብሽ። ነገ ደግሞ ይብስብኛል። አሁን ግን ኳስ ስጪኝ።»

ማርሊስ ዳኛውንና የእንግዶቹን አሰልጣኝ ጠርታ መቺዎቹ በሚቆሙበት መምቻው ቦታ አጠገብ ቆመች። የእንግዶቹ አሰልጣኝ ቤቭ ሱልካ ትባላለች፤ ሁለቱ ሴቶች ለሃያ ዓመት ሲሸናነፉና የገና ኩኪስ ሲላላኩ የኖሩ ናቸው። ነገሩን ስትሰማ ቤቭ እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«አንቺ ሴትዮ! የኔዋ ልጅ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ‹ትናንት ምን በልቼ ነበር› እያለች ነው! ያንኑ ሳንድዊች ልገዛላት ሰው ልኬያለሁ።»

«አስመልሺው» አለች ማርሊስ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ሜዳ ስሸነፍ አንድ ቀን እንኳ አልለካሁም፤ አየሽ ሞኝነቴን!»

ዳኛው ግን አልሳቀም። ትናንትም ያጫወተው እሱ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል። «ሁለታችሁም ከአንድ ቦታ ነው የወረወራችሁት፤ ያለቀ ጨዋታ አልቋል» አለ። «ግን ለሊጉ ማሳወቅ አለብኝ። መርገጫውን ማነው የተከለው?»

«ሜዳው የኔ ነው» አለች ማርሊስ። «ዋና አሰልጣኟ እኔ ነኝ፤ ያልለካሁትም እኔ ነኝ። የኔን ስም ንገራቸው።»

ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። ድንጋዩንም የለቀመችው፣ ማሊያውንም ያጠበችው በዚሁ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ሊቢ ከአጥሩ በር ጀርባ ቆማ ሰማቻት። እናቷ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ነይም አላለቻትም። እዚያው ብትቀር ማንም ምንም አይላትም። ነገሩ በእናቷ ስም ይዘጋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ማንም አይጠቋቆምባትም።

የበሩን መቀርቀሪያ አነሳችው። ከበሩ እስከ መምቻው ቦታ ያለው መንገድ ረዘመባት፤ መቀመጫው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያያታል፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል፣ ጎንበስ ብላ ለማሰርም አልደፈረችም።

«እኔ ነኝ» አለች ለዳኛው። «የረሳሁት እኔ ነኝ። መለስኩት ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ሊቢ ኮቫሪክ እባላለሁ።»

ዳኛው ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ኮፍያውን አስተካከለ። «በመጀመሪያ የጫማሽን ማሰሪያ እሰሪ፤ ትወድቂያለሽ።»

«ማርሊስ፣» አለች ቤቭ፣ «ይህቺን ልጅ ለኔ ቡድን ስጪኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ሥራዋን ትጨርስ» አለች ማርሊስ። እጇን ግን የሊቢ አንገት ላይ አሳረፈች፤ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት።

ጨዋታው ቀጠለ። ጆሲ የመጀመሪያዎቹን ኳሶች አሁንም አጎደለች፤ ቀስ በቀስ ግን እጇ ቦታውን አገኘ። መሸነፉ አልቀረም፣ ስድስት ለአራት። ማርሊስ አምስት መቶ ላይ እንደቆመች ቀረች። መጨረሻ ላይ ግን ጆሲ አንዷን ጠንካራ መቺ ኳስ ሳታስነካ መለሰቻትና፣ ወደ አጥሩ ዞራ ገና ያልተቀባውን ቦታ ጓንቷን ዘርግታ አሳየችው። «ጠብቀኝ!» ብላ ጮኸችበት። መጠለያው በሳቅ ተሞላ።

ረጅሙ ንግግር ማታ በመኪና ውስጥ ተደረገ፤ እንደተፈራው ረጅም አልነበረም። ሊቢ የውድድሩን ወቅት ሙሉ ከጨዋታ በኋላ መጠለያውን ትጠርጋለች፤ የሱፍ ገለባ የሞላበትን። እናቷ ፈረደችባት፣ እሷም አሜን አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ልምምዳቸውን ጨረሱ። ፔኒ ባዶ ድዷን ላየም ላላየም እያሳየች ከሜዳው ወጣች። ሊቢ መርገጫውን ነቅላ ወደ ኋላኛው ጉድጓድ ወሰደችው፣ ሰካችው፣ በእግሯ ረገጠችው። ውታፉን ደፈነች፣ አፈር አለበሰችው። የኖራው ጋሪ ከማዶ ሲንቋቋ ይሰማል።

«ሊቢ! መርገጫውን መለስሽው?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። እውነትም ነበር፣ መልሳዋለች። ግን አላለችም። ዕቃ ቤቱ ገብታ ሜትሩን አመጣች፣ ጫፉን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች።

«ነይ ማሚ፣ ይህን ጫፍ ያዢልኝ።»